ለሐኪሙ ውሻ ብስኩት የጋገርንበት ሁዳዴ

በዚያ ከሰዓት በኋላ በሐኪሙ ማድ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን። አንደኛ፣ የሐኪሙ ወጥ ሠሪ፤ በዕድሜም በጭንቀትም ስለሚበልጡን እሳቸውን አስቀድማለሁ። ሁለተኛ፣ ዱቄቱን ይዘው የመጡት ሙስሊሙ ባለሱቅ። ሦስተኛ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊው፤ በሚሲዮን ተምሮ የሚሲዮኑን ሃይማኖት ስለ ተቀበለ አይጾምም። አራተኛ እኔ፣ የክሊኒኩ ካርድ ጸሐፊ። አምስተኛ ውሻው፤ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ፣ ጅራቱን ወደ ውጭ አድርጎ በሩ ላይ ተጋድሞ ነበር።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ውሻውን አቅፎ በክሊኒኩ ሚዛን ላይ ወጣ፤ ከዚያ አስቀመጠውና ብቻውን ወጣ። ቅነሳውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። እሱ ሰማንያ ሁለት፣ ውሻው ሠላሳ አንድ ኪሎ። ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በምስማር መታና፣ በዚያ በሚያውቀው አማርኛ ወጥ ሠሪውን፣ "ውሻ ከቀነሰ፣ አንተ የለም" አላቸው። ወጥ ሠሪው ከባለቤታቸውና ከአራት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት በዚያው ግቢ፣ በሠራተኛ ቤት ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል፤ ያውም የመቱ ክረምት ሊገባ ሲል።

ውሻው ሆዱን ስለሚያመው ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ ከሚመጣ ብስኩት በስተቀር ሌላ እንዳይሰጠው ታዟል። ሐኪሙ በሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ነገር ግን በበልጉ ዝናብ የጎሬ ሜዳ ጨቀየና አውሮፕላኑ ማረፍ አቃተው። ቆርቆሮው ባዶ ሆነ። እንግሊዝኛ ከመዝገበ ቃላት ብቻዬን ስለ ተማርኩ ብስኩቱን ራሳችን እንድንጋግር የቆርቆሮውን ጽሑፍ እንዳነብ ተጠራሁ። የስንዴ ዱቄት፣ ሥጋ፣ የአጥንት ዱቄት፣ ጨው ይላል። ከጨው ፊት አንድ የማላውቀው ቃል ነበር፤ አለማወቄንም ያኔውኑ ተናግሬአለሁ።

ጊዜው ሁዳዴ ነው። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ስለ ተዘጋ ሥጋውና አጥንቱ ከእስላም ሥጋ ቤት መጣ። አጥንቱን አክስለን በሙቀጫ ወቀጥነው። ወጥ ሠሪው ሥጋውን ቀቅለው ከተፉት፤ ዱቄቱንም በመረቁ አቦኩት። እኔ ሊጡን በጠርሙስ ዳምጬ በማስመሪያ ለካሁት፤ ርዝመቱ ስድስት ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ አንድ። በብረት ምድጃው ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ቆየ። ሽታው ጥሩ ነበር፤ ለጾመኛ ደግሞ ከልክ በላይ ጥሩ።

ውሻው አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ወጥ ሠሪውን አየ። ለሀጩ ይንጠባጠባል፣ አፉን ግን አይከፍትም።

"ጨው አንሶት ይሆናል" አለ ድሬሰሩ።

"ጨው አይደለም!" አሉ ወጥ ሠሪው ግንባራቸውን መትተው። "ሐኪሙ እኮ ቀድሞ ይገምጥለታል። ከአንዱ ብስኩት እሱ ይገምጥና የቀረውን ያጎርሰዋል። ጾሙ ሳይገባ፣ ቆርቆሮውም ሳያልቅ እኔም እንዲያ ነበር የማበላው። የሰጠው ሰው ካልቀመሰ አይነካም።"

ባለሱቁ ሳቁ። "ታዲያ ደንብ አዋቂ ነዋ! እኔስ ብሆን አሳላፊው ያልቀመሰውን ብርዝ መቼ እጠጣለሁ?"

ስለዚህ አንድ ሰው ከውሻው ጋር መብላት ነበረበት። ሁላችንም ወደ ድሬሰሩ ዞርን።

"ምን ታዩኛላችሁ?"

"አንተ አትጾምም" አሉት ወጥ ሠሪው።

"አልጾምም። የእስላም ሥጋ ግን አልበላም። ብበላ ቡሬ ያለችው እናቴ ቤቷ አታስገባኝም።"

"ሚሲዮኑ ፈቅዶልህ የለ?"

"ሚሲዮኑማ ፈቅዷል፤ እናቴ ናት ያልፈቀደችው።"

ወደ ባለሱቁ ዞርን።

"ሥጋውስ የኛው ነው" አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ። "ለብቻዬ ስጡኝ፣ እበላዋለሁ። ከውሻ ጋር ተካፍዬ? ያ ረቢ! ወላሂ አይሆንም።"

ወጥ ሠሪውና እኔ ጾመኞች ነን። ከዚያ ውሻ ጋር ማዕድ የሚቆርስ ሰው መቱ ላይ ጠፋ።

ወጥ ሠሪው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። "እንግዲህ ወይ ጾሜን እገድፋለሁ፣ ወይ ልጆቼን ይዤ ዝናብ ላይ እወጣለሁ" አሉ። 

እኔ ብዙ አልናገርም። ማስመሪያው ግን በእጄ ነበር። "ጋሼ፣ ብስኩቱን ለሁለት እንክፈለው" አልኩ። ከስድስቱ ሳንቲሜትር ሁለቱ በውሃና በኑግ ዘይት የተቦካ የጾም ሊጥ ይሁን፣ አራቱ የሥጋ፤ እርስዎ ከጾሙ በኩል ይገምጣሉ አልኳቸው።

"ስቡስ?" አሉ ባለሱቁ። "ስብ ሲሞቅ ድንበር ያውቃል እንዴ? አንተ ልጅ፣ የወሰን ክርክር ልታመጣብን ነው!"

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ጋገርንና ጫፍ ለጫፍ በወፍራም የዱቄት ሙቅ አጣበቅናቸው። ወሰኑ ላይ በከሰል አሰመርኩ። ወጥ ሠሪው የሚገምጡት አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ ለጥንቃቄ የተተወ ጠፍ መሬት ነው።

አንዱን አንሥተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ድሬሰሩ ሰዓቱን አየና፣ "ጋሼ፣ ገና ስምንት ተኩል ነው" አላቸው።

በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም። መልሰው አስቀመጡት። አራት ሰዎችና አንድ ውሻ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ አንድ ብስኩት ስናይ ቆየን። ዘጠኝ ሲሆን አማተቡ፣ ገመጡ፣ የቀረውን ዘረጉ። ውሻው ዋጠው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከወጥ ሠሪው ጋር ይበላ ጀመር። አሥራ ስድስት ብስኩት ይበላል፤ አሥራ ስድስቱንም መግመጥ ስላለባቸው የእሳቸውም ምግብ ያው ሆነ። እኔ በየቀኑ የውሻውን ጎን አየው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት የጎድን አጥንት ቆጠርኩ። ለወጥ ሠሪው አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም እንደ ቆጠሩ ግን ከፊታቸው ያስታውቃል።

መጋገር በጀመርን በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሐኪሙ መጣ። ሻንጣው ከመኪና ሳይወርድ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቀለና ውሻውን ወደ ክሊኒኩ ወሰደው። ድሬሰሩ አንሥቶ ሰጠውና አቅፎት ሚዛኑ ላይ ወጣ። ወጥ ሠሪው ዐይናቸውን ጨፈኑ። መርፌው መቶ አሥራ አምስት ላይ ቆመ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና የራሱን ሰማንያ ሁለት ቀነሰ።

"ሠላሳ ሦስት! በጣም ጎበዝ!" ብሎ የወጥ ሠሪውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እሳቸውም ተንበርክከው መሬት ሳሙ።

እኔ የሐኪሙን ቀበቶ እያየሁ ነበር። ሲሄድ ታስሮበት ከነበረው ቀዳዳ ሁለት ቀዳዳ ላልቷል፤ ሸሚዙም ሆዱ ላይ ተወጥሯል። አዲስ አበባ ሲጋበዝ ከርሟል። ብቻዎን ደግሞ ይውጡ ልለው አፌን ከፈትኩ።

"ምነው ልጄ?" አሉኝ ወጥ ሠሪው፣ ገና ከመሬት ሳይነሡ።

"ምንም የለም ጋሼ" አልኩ።

የቁጥር ስሕተት አይቼ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ነው። ወጥ ሠሪው ክረምቱን በዚያው ቤት ከረሙ። የውሻውን እውነተኛ ክብደት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ድሬሰሩ ውሻውን ወደ ሐኪሙ ክንድ ያነሣው እሱ ስለ ሆነ ሳያውቅ አይቀርም፤ ይጻፍልኝ። ያን ቀን ክሊኒኩ በር ላይ ተራ ትጠብቁ የነበራችሁም ቀበቶውን አይታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ፤ ቀዳዳው ሁለት ይሁን ሦስት አሁን አሁን እጠራጠራለሁ።