ተኝታበት የማታውቀው ሃሞክ

እትዬ ቋጠሮ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። እሷ የቋጠረችውን ሰይጣንም አይፈታው ይላሉ። ልጅ ሆና የዓሣ መረብ ከምትሠራ አክስቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው እጇ ገመድ የለመደው፤ አድጋ ሃሞክ የሚሠራ ድርጅት ስትቀጠር ማንም ሊያስተምራት አላስፈለገም። ሃሞክ ማለት በሁለት ዛፍ መሀል የሚንጠለጠል የገመድ አልጋ ነው፤ የደላው ሰው ከምሳ በኋላ ሄዶ የሚጋደምበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱን ስትቋጥር ኖረች። አንዱ አልጋ ከሁለት ሺህ በላይ ቋጠሮ አለው። ጠቋሚ ጣቷ ላይ ገመዱ የቆፈረው ቦይ አለ። ወገቧማ ከበርጩማ ስትነሳ ሲጢጥ ስለሚል ባሏ «ማነው በሩን የከፈተው?» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ።

ታዲያ ይህች ሴት አንድም ቀን ሃሞክ ላይ ተኝታ አታውቅም። መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «በምርት ላይ መቀመጥም ሆነ መተኛት ያስባርራል» የሚል ማስታወቂያ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ምክንያቱ ገዢ የሰው ላብ ያልነካው ዕቃ ይፈልጋል ነው። ጥንካሬው የሚፈተነው በአሸዋ ነው። አልጋው ከሁለት መንጠቆ ላይ ተወጥሮ ይታሰርና ሁለት ጆንያ አሸዋ ይጋደምበታል፤ ግማሽ ቀን ከቻለው ዕቃው አለፈ ማለት ነው። ሴቶቹ ጆንያውን ጋሽ ጆንያ ይሉታል። «ጋሽ ጆንያ፣ ዛሬስ ተመቸዎት? ትራስ እንጨምርልዎት?» እያሉ ይሳሳቃሉ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔን ግን ያናድደኛል።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት።

«ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል ትናንት አንድ እንግዳ ከሃሞክ ላይ ተፈናጥሮ ወድቋል፤ እጁ ተሰብሯል» አላት። «ሆቴሉ ዕቃውን በሙሉ ልመልስ እያለ ነው። ያንን አልጋ የሠራሽው አንቺ ነሽ። ይኸውልሽ ወረቀቱ፣ ‹ቋጠሮው ላልቶ ስለነበር ጥፋቱ የኔ ነው› ይላል። ፈርሚበት።»

«ከፈረምኩ በኋላስ?»

«ከዚያማ... እንሰነባበታለን። የሚመለከተው ሰው ተቀጥቷል ሲባል እነሱም ይረጋጋሉ።»

ደሟ ፈላ። «ቋጠሮዬ ተፈትቶ አይተዋል?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ሰው ወድቋል አይደል?»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችው ሰው ሄዶ ገመዱን በዓይኑ ለማየት እንኳ አልደከመም። እንጀራዋ ላይ ሊፈርድ የተነሳው በስልክ በሰማው ወሬ ነው።

«ሳላይ አልፈርምም» አለችው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ይውሰዱኝና ልየው።»

እሱም ጥፋተኛዋን ይዞ ሆቴሉ ፊት መቅረቡን አልጠላውም። በመኪናው ይዟት ሄደ። መንገዱን ሙሉ በሆዷ ያልሰደበችው ስድብ አልነበረም።

ሃሞኩ ከሆቴሉ ጓሮ፣ ከሁለት ዛፎች መሀል እንደተሰቀለ ነበር። የሆቴሉ ኃላፊ፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት፣ አልጋውን ከሰቀለው አትክልተኛ ጋር ቆማ ትጠብቃለች። እትዬ ቋጠሮ ሰላምታም ሳታበዛ ወደ ገመዱ ሄደች። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ፣ የልጅ ፀጉር እንደምትፈትሽ እናት፣ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። አንድም የላላ አልነበረም።

«ይኸው! አንድ የተፈታ ካገኛችሁ እጄን ልቁረጠው!» ብላ ጮኸች። ወንበር ላይ ፀሐይ የሚሞቁት እንግዶች ዞረው አዩዋት።

«ታዲያ ሰውየው ለምን ወደቀ?» አለች ኃላፊዋ።

«ተቀምጦበት አላወቀ ይሆናላ! ቆይ እኔ ላሳያችሁ!»

ጫማዋን አሽቀንጥራ ጣለችና መሀሉ ላይ ቁጭ አለች። አልጋው እንደ ልብስ ማስጫ ሽቦ የተወጠረ ነበርና ግልብጥ ብሎ በአፍጢሟ ሣሩ ላይ ደፋት። አንድ እንግዳ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው። ከከንፈሯ ላይ ሣር እየጠረገች ተነሳች። አሁን ንዴቱ ላይ እፍረት ተጨመረበት።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የወጠረው?» ብላ አትክልተኛው ላይ አፈጠጠች። «ልብስ ልታሰጣበት ነው?»

አትክልተኛው አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ እርስዎ ነዎት እኮ» አለ በቀስታ። «ዕቃውን ልረከብ የመጣሁ ዕለት እንዴት ልስቀለው ብዬ ጠየቅኩዎት። በደንብ ወጥረህ እሰረው፣ እኛም እንደዚያ ነው የምናስረው አሉኝ።»

እውነቱን ነው፣ ብላዋለች፤ ያውም እንደ አዋቂ አፏን ሞልታ። መሥሪያ ቤቱ መንጠቆው ዝቅ ያለ ስለሆነ ካልተወጠረ ጆንያው መሬት ይነካል፤ የሚወጥሩት ለዚያ ብቻ ነው። አሸዋ አይገላበጥም፣ ወገቤን አይልም። የሰው ገላ ምን እንደሚፈልግ የሚነግራቸው ሳይኖር ይህን ሁሉ ዓመት አልጋ ሠርተው ሸጡ። የማያውቁትን ነገር ሲመክሩም ማንም አልጠረጠራቸውም፤ እነሱም ራሳቸውን አልጠረጠሩም።

የሥራ አስኪያጁ ፊት በራ። «ሰማችሁ? ራሷ ናት ያዘዘችው!» ብሎ ወረቀቱን ከኪሱ መዘዘ።

ዞራም አላየችው። «ናማ» አለች አትክልተኛውን፤ «ይህን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ልቀቅልኝ። ያኛውንም።»

ለቀቀላት። አልጋው ረገብ አለ። ቀስ ብላ ተቀመጠችና በጀርባዋ ተጋደመች፤ ወገቧን አጠፈው። ተቁነጠነጠች። ራሷን ወደ አንዱ ጠርዝ፣ እግሯን ወደ ሌላው ሰደድ አድርጋ አግድም ስትሆን አልጋው በአንድ ጊዜ ተዘረጋላት። ከአንገቷ ሥር፣ ከወገቧ ሥር፣ ከጉልበቷ ሥር ገመዱ ገብቶ ያዛት። ሁለት ሺህ ቋጠሮ ትንሽ ትንሽ ተካፍሎ ተሸከማት። ያመማት የነበረው ቦታ ሁሉ ዝም አለ።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። «እንዲህ ነበር እንዴ?»

ደስ ሊላት በተገባ። አንጀቷ ግን አረረ። ይህን በእጇ እየሠራች ለሰው ስታስረክብ የኖረችው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው። አሁንም በዚህች ሰዓት ጓደኞቿ በርጩማቸው ላይ ጎብጠው ይቋጥራሉ፤ እነሱም አያውቁም።

«በቃ ተነሽና ፈርሚ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ጻፍ!» አለችው እንደተኛች። ‹እርስዎ› የሚለው ያን ጊዜ ቀረ። «ወጥረህ እሰር ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። የተሰበረውን ሰውዬም እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ግን ከሥሩ ጨምርበት። ‹አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራው አንድ ቀን እንኳ እንድትተኛበት ስላልፈቀድንላት አታውቅም ነበር› በልና አንተም ፈርም። ያኔ እፈርማለሁ።»

እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። የሆቴሉ ኃላፊ እሱን እሱን ታያለች። እንግዶቹም መሳቃቸውን ትተዋል። የጠየቀችው ሁለት መሥመር ነው፤ ሁለቱን መሥመር ግን መጻፍ አቃተው።

«ሰው እያየን ነው፤ ተነሽ ብያለሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይየና!»

ዓይኗን ጨፈነች። ነገ ሥራ እንደማትገባ አውቃዋለች፤ ቢያንስ ዛሬን፣ ለአንድ አፍታ፣ እንደ ሰው ልረፍ ብላ ነበር። ጥላው አለ፣ ነፋሱ አለ፣ አልጋው ተመችቷታል። ንዴቱ ግን አላስተኛ አላት።