ማሽኑ ያነበበብኝ ደብዳቤ

ልጄ እዚሁ ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ ሰባብራም ትናገራለች፤ ፊደል ግን አትለይም። እኔ ብልጡ ሽማግሌ ይህችን አለማንበቧን እንደ ካዝና ቁልፍ ይዣት ኖሬአለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ያሻኝን እጽፋለሁ፤ ማን ሊያነብብኝ!

እሁድ እሁድ ከካዚኖ ሺፍቷ ወጥታ፣ እኔ ወዳለሁበት ስፕሪንግ ቫሊ ድረስ ነድታ ሽሮ ትሠራልኛለች። አንድ እሁድ አዲስ ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣች።

"አባዬ፣ ይሄ ስክሪኑ ላይ ያለውን አይቶ ይነግርሃል። እዚሁ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ የጻፍከው የትም አይሄድም።"

የትም አለመሄዱ ደስ አለኝ። እሷ ወጥ ቤት ስታማስል፣ ቦልደር ሲቲ ላለው ጓደኛዬ ኢሜይል ጀመርኩ። "ሽሮዋ የግድግዳ ስንጥቅ ይደፍናል" አልኩት። በራሴ ቀልድ ስቄ ሞቅ ሲለኝ፣ "ሰው ፊት አማርኛ ስታወራ መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ" ብዬ ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ፣ "ግን እንቅልፏን ትታ ስትመጣ አንጀቴን ትበላዋለች" አልኩ።

"እንዴት እንደሚሠራ ላሳይህ" ብላ መጣችና በእርጥብ ጣቷ አንዲት ምልክት ነካች። ማሽኑ ኢሜይሌን ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመ ጮክ ብሎ አነበበው። ከሐሜቴ አንዲት ቃል አልሳተም። ፍቅሬ ላይ ሲደርስ ግን፣ "ልጄ አንጀቴን ትበላለች" አለ።

"አንጀትህን በላሁ? እኔ?"

"አማርኛ አይችልም ይሄ! ሁሉንም ተሳስቷል!" አልኩና፣ አንጀት መብላት ማለት ሆድ የሚያባባ ፍቅር መሆኑን አስረዳኋት። ፊቷ ተፈታ።

"ሶሪ አባዬ፣ እኔ የእውነት መስሎኝ።"

በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ስለ ውሸቴ ይቅርታ የተጠየቅሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

"እሺ፣ አንተ አንብብልኝ" ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰላምታውን አነበብኩና ወደ አንጀቱ ዘለልኩ። ጣቷ ግን ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ይከተለኝ ነበር። ካዚኖ ውስጥ ሥራዋ ለቁማርተኞች ካርታ ማደል ነው፤ የሰው እጅ ስትጠብቅ ነው የምትውለው።

"ሁለት መስመር ስኪፕ አደረግህ።"

አነበብኩላት። ሽሮውን በጥድፊያ፣ ስለ አማርኛዋ የጻፍኩትን አንድ አንድ ቃል እየጎተትኩ።

"ሰው ፊት በእኔ ታፍራለህ?"

ቀልድ ፈለግሁ፤ አንድም አልመጣልኝም። "አዎ" አልኳት።

ተነሥታ ሽሮውን አቀረበች። እስክትሄድ ድረስ አንዲት የአማርኛ ቃል ከአፏ አልወጣም። "ብላ" እንኳ ያለችኝ በእንግሊዝኛ ነው።