ዶክተር ፈትሂያ እና ወደ ሆስፒታል ያልተመለሱት ልጆች

ጠዋት የዶክተር ፈትሂያ ወንድም ልጅ ደውሎ «አክስቴ ወደ አኼራ ሄዱ» ሲለኝ «የትኛዋ አክስትህ?» አልኩት። ሌላ አክስት እንደሌለው አውቃለሁ። እንዲያው ጆሮዬ አልቀበል ብሎኝ ነው። አሁንም ይህን እየጻፍኩ አላመንኩም።

ለማታውቋቸው፣ ዶክተር ፈትሂያ የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበሩ። እኛ ሐኪሞች አንድ ሕክምና ይሠራል ብለን ስናምን፣ እውነት መሥራት አለመሥራቱን ከበሽተኞቹ መረጃ አስልተው የሚነግሩን እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐረር ላይ ይህንኑ ሠሩ።

ኤረር በር አጠገብ ያሉ ጎረቤቶቻቸው ግን ይህን አያውቁም። ዶክተር ከተባሉ ዶክተር ናቸው፣ አለቀ። ጉሮሮው ያመመው፣ ጉልበቱን የያዘው ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል። «ወላሂ እኔ የቁጥር ሐኪም ነኝ» ይሉና ሻሻቸውን አስተካክለው በሽተኛውን ራሳቸው ጤና ጣቢያ ያደርሱታል። ዛሬ ለቅሶ ላይ አንዲት ጎረቤት «ዓይኔን ያዳኑልኝ እሳቸው ናቸው» ስትል ሰማሁ። ማንም አላረማትም።

እኔ ያወቅኋቸው ጀማሪ የሕፃናት ሐኪም ሳለሁ ነው። ያኔ የሳንባ ምች የያዛቸውን ልጆች ሁሉ እናስተኛ ስለነበር አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሕፃን ይተኛል። እናቶች ሌሎቹን ልጆቻቸውን ገጠር ጥለው ኮሪደር ላይ ይሰነብታሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን ሰጥተናቸው ቤታቸው ሆነው ቢታከሙስ የሚል ጥናት ጀመርን። ከሳምንት በኋላ ልጆቹን ለምርመራ መልሱልን አልን።

ብዙዎቹ ቀሩ።

የክፍላችን ኃላፊ የቀረውን ሁሉ መድኃኒቱ ያልሠራለት ብለን እንያዘው፣ ጥናቱም ይቁም አሉ። እኛ ወጣቶቹ ደግሞ የቀሩትን ትተን በመጡት ብቻ ውጤቱን እናውጣ አልን፤ የመጡት ድነው ነበራ። ዶክተር ፈትሂያ ሁላችንንም ሰምተው ሲያበቁ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ «የቀረ ልጅ የዳነም ያልዳነም አይደለም። እኛ ያልጠየቅነው ልጅ ነው» አሉ።

የገበያ ቀን ጠብቀው ጊደር መጋላ ገበያ ይዘውን ሄዱ። ከገጠር የሚመጡት እናቶች እዚያ እንደሚውሉ ያውቃሉ። አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፣ ከሻጭ ሻጭ እየጠየቁ በሰዉ መሀል ሲሹለከለኩ እኛ ወጣቶቹ ኋላ ቀረን።

መጀመሪያ ያገኘናት እናት ድንች ትሸጣለች። ልጇ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይግጣል። ለምን እንዳልተመለሰች ስንጠይቃት ግራ ገባት። «ዳነልኝ እኮ። ለዳነ ልጅ ሆስፒታል ምን ይሠራል?» አለች። ዶክተር ፈትሂያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አብዛኞቹ እንደዚያ ነበሩ። በየገበያው እየተመላለስን ሁሉንም አገኘናቸው ማለት ይቻላል።

አንዲቷ እናት ግን ልጇ እንደሞተች ነገረችን። ገና ጨቅላ ነበረች። ዶክተር ፈትሂያ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ኢናሊላሂ» ብለው እጇን እንደያዙ ቆዩ። ገበያው በዙሪያችን ይተራመሳል።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ይቺን ልጅ ብንተዋት ኖሮ የጥናት ወረቀታችን ያምር ነበር» አሉ።

ውጤቱ ሲሠራ፣ ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች ቤታቸው ሆነው በደንብ እንደሚድኑ፣ ጨቅሎቹ ግን ሆስፒታል መቆየት እንዳለባቸው ታየ። ጥናቱ ይቁም ያሉት ኃላፊያችን ራሳቸው አሠራሩን ቀየሩ። እስከ ዛሬ የምንሠራው እንደዚያ ነው። መድኃኒቷን ይዛ፣ ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ የምትሄድ እናት ይህ እንዴት እንደመጣ አታውቅም። ማወቅም አያስፈልጋትም።

ከዚያ በኋላ ስንት ጥናት አብረን ሠራን። ስማቸው ሁልጊዜ በጥናቱ ጸሐፊዎች ዝርዝር መሀል ላይ ነው የሚጻፈው። አንዴ ለምን መጀመሪያ ላይ አይሆንም ብዬ ስሟገትላቸው «ተይው ልጄ፣ መሀል ይሞቃል» አሉኝ። ጡረታ ከወጡም በኋላ አቦከር ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ እየመጡ ለተማሪዎቼ ስሌቱን ያስረዱልኝ ነበር። ተማሪ ሲገባው ፊታቸው ላይ የሚታየውን ደስታ ብታዩት!

ዶክተር ፈትሂያ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ እንዴት ነዎት ብዬ ብጠይቅዎ «አልሃምዱሊላህ፣ የምወደውን ስሠራ አረጀሁ» ብለውኛል። ይህን ብሎ የሚሄድ ሰው ስንት አለ? ስለዚህ ዛሬ አለቅስልዎታለሁ እንጂ አላዝንልዎትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በስምዎ ሻማ አበራለሁ፤ ቢሰሙ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፣ ይሳቁ። ደህና ይሁኑ፣ እናቴ። አላህ በሰፊው ቤቱ ይቀበልዎ።