ሳይተረጎም የቀረው የእናት ቃል

በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ከቤንችኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ቤንችኛ የሰው ጉዳይ ሲያመላልሱ የኖሩት ጋሼ ማርቆስ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ሚዛን ተፈሪ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። የልብ ሕመም እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ግን ገና ጊዜ ያላቸው መስሎኝ ነበር።

የምታውቋቸው ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከፍርድ ቤት ግቢ አልጠፉም። ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ ወረቀት ይዞ ግራ ሲጋባ ካዩ፣ እጁን ይዘው የሚፈልገው ቢሮ ድረስ ያደርሱታል፤ ተራው እስኪደርስም አብረውት ይቀመጣሉ። «ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሲጠየቅ ስሙም ይጠፋዋል» ይሉ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ጓዳ በሚሰበሰበው የንባብ ማኅበራችን ደግሞ አንባቢያችን እሳቸው ነበሩ። መጽሐፉ አንድ፣ እኛ ስምንት፤ ስለዚህ ጮክ ብለው ያነቡልናል። ከበድ ያለ ቃል ሲመጣ ሳይጠየቁ በቀላል አማርኛ ይፈቱታል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ገብቶኛል» ብሎ የሚኩራራ ካለም ፈገግ ብለው «እንግዲያው አንተ አስረዳን» ይሉታል።

በዚህ ክረምት ያነበብነው ልብ ወለድ ኦቲዝም ያለበት ወጣት ባልሠራው ወንጀል ተከስሶ ስለሚደርስበት ነገር የሚተርክ ነበር። ወጣቱ ዳኛው ፊት ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዝም የሚልበት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ማርቆስ ንባባቸውን አቆሙ። መነጽራቸውን እስኪጠርጉ ጠበቅን። እሳቸው ግን መጽሐፉን ዘግተው የራሳቸውን ነገሩን።

ከብዙ ዓመት በፊት ቡና ሰርቀሃል ተብሎ የተከሰሰ አንድ ወጣት ለዳኛው ጥያቄ መልስ አልሰጠም፤ እየተወዛወዘ ፈገግ ይል ነበር። ዳኛው «ምን አለ?» ሲሉ ጋሼ ማርቆስ «ምንም አላለም፤ ይስቃል» ብለው መለሱ። ይህን ጊዜ እናቱ ከኋላ ወንበር ተነሥተው በቤንችኛ «ልጄ ሲፈራ ነው የሚስቀው!» ብለው ጮኹ። ችሎት ረብሸዋል ተብለው ተወሰዱ። ምን እንዳሉ ዳኛው አልጠየቁም፤ ጋሼ ማርቆስም አልተናገሩም። ወጣቱ ፍርድ ቤቱን እንደናቀ ተቆጥሮ ታሰረ።

«ደንቡ የተጠየቅኩትን ብቻ እንድተረጉም ነበር» አሉን። «ደንቡን አከበርኩ። ድምፅዋን ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።»

የዚያ ወጣት ቤተሰብ ቴፒ እንደሚኖር አጠያይቀው ደረሱበት። ይቅርታ ሊጠይቁ ቆረጡ፤ ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር «አብረኸኝ ሂድ» አሉኝ። እኔ «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ይከፈት፤ አሁን የደብተር ገበያ ነው» አልኳቸው። ደብተሩ ተሸጦ ሲያልቅ ደግሞ «ዝናቡ ያባራ» አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁኝም። ቴፒ እኮ ጠዋት ወጥተው ከሰዓት የሚመለሱባት ከተማ ናት! ምን ነካኝ?

ከቀብራቸው በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። እናትየው አርጅተዋል፤ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ቡና ይለቅም ነበር። የእኔ ቤንችኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ ጎረቤታቸው አስተረጎመችን። ነገሩን ስነግራቸው «ያን ቀን ሰምቶኝ ነበር?» አሉ።

«ሰምተው ነበር» አልኳቸው።

«ታዲያ ራሱ ለምን አልመጣም?»

«ሊመጡ ነበር። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።»

ጋሼ ማርቆስ፣ የእናትየውን ቃል ይዤልዎት መጥቻለሁ። «ይቅር ብዬዋለሁ» አላሉም። ያላሉትን ጨምሬ ልነግርዎት አልደፍርም። እርስዎ ቢሆኑ ፊታቸው ቆመው በገዛ ቋንቋቸው ይለምኗቸው ነበር፤ ምናልባትም እሺ ይሉዎት ነበር። ይህን የነፈግኩዎት እኔ ነኝ። እኔንም ይቅር ይበሉኝ እላለሁ፤ እሱም ዘገየ። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።