ሳልሰበር የታሰርኩበት ቀን

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሽቶ ተቀብቶ ከሆነ እጄ ሳላዘው ወደ አፍንጫዬ ይሄዳል። ልጆቼ «እማዬ፣ ሰው ፊት እንዲህ አይደረግም፣ ይቀየሙሻል» እያሉ ይቆጡኛል፣ እኔም ልማድ ነው ብዬ አልፋቸዋለሁ እንጂ ምክንያቱን ዘርዝሬ ነግሬያቸው አላውቅም። ሽታው ግን ልደታ ወደነበረው የአባቴ ቤት፣ ያውም ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ ወደነበረበት ዘመን ወስዶ ያስቀምጠኛል። እዚያ ቤት ሽቶ የሚቀባ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ሰው ተቀብቶ ገባ።

አባቴ ወጌሻ ነበር። እግሩ የተሰበረ፣ ትከሻው የወለቀ፣ ወገቡ የተቀጨ ሁሉ በቃሬዛም በበቅሎም እየመጣ ቤታችን ይተኛ ነበር፤ በተለይ ሰንጋ ተራ ገበያ በዋለ ቁጥር በሬ የረገጠው አንድ ሰው አይጠፋም። ታሽቶ በዚያው የሚመለሰው ጥቂት ነው። ብዙው ግድግዳውን ተከትሎ በተሠራው የጭቃ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተኝቶ፣ ዘመዶቹ ስንቅ እያቀበሉት፣ ስንቅ ሲያልቅበት እናቴ ካለን ላይ እያካፈለችው፣ አጥንቱ ገጥሞ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ለወራት የቤታችን ሰው ይሆን ነበር። ጠዋት ጠዋት አባቴ ቅቤ አቅልጦ በየተራ ያሻቸዋል፣ የታሰሩበትን የቀርከሃ ስንጥቅ ፈትቶ መልሶ ያስራል፣ መነሣት የጀመሩትን ደግሞ ግቢ አውጥቶ ከዛፍ እስከ ዛፍ የተወጠረ ገመድ እያስያዘ ያስኬዳቸዋል። የኔ ሥራ አመድ መንፋት ነበር። አመዱ ከገመዱ ሥር ይነሰነሳል፣ በሽተኛው ይሄድበታል፣ አባቴም ጎንበስ ብሎ ዱካውን ያያል፤ ሁለቱ እግሮች እኩል ካልረገጡ አመዱ ይናገራል። «አሁንም ታታልላለህ፣ ክብደትህን ሁሉ ለደህናው ትሰጣለህ» ብሎ ደግሞ ያስኬደዋል። ክንዷን ተሰብራ የተኛችው እማማ በለጡ፣ ምላሷ ምንም ያልተሰበረው፣ አንዳንድ ቀን ሥራ ስትፈታ በደህና እግሯ አመዱ ላይ ትሄድና «የኔንስ እየው፣ የእመቤት አረጋገጥ አይመስልም?» ትለው ነበር፣ አባቴም እየሳቀ ያባርራታል።

ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ስሙ ዘለቀ ነው፣ ጣሪያ ሲከድን ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል አሉና ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። አባቴ የለበሰውን ጋቢ ገለጥ አድርጎ አየ፣ መልሶ አለበሰው። እኔ ከጎኑ ነበርኩና ያየውን አይቻለሁ፤ ጭኑ ላይ ጥይት የገባበት ቀዳዳ ነበር። ከዚያ አባቴ ወደ ሁላችንም ዞሮ «ሰውዬው ከጣሪያ ነው የወደቀው። ሰምታችኋል?» አለ። በመደቡ ላይ የተኙት ሁሉ «ሰምተናል» አሉ። ያን ጊዜ በጥይት የቆሰለ ወንድ ማለት ጫካ ያለ አርበኛ ማለት ነበር፣ ጣሊያኖች ቢያገኙት እሱን ይሰቅሉታል፣ ያስጠጋውን ሰው ከነቤቱ ያቃጥላሉ፣ ይህንንም ለኛ ለልደታ ልጆች ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም ነበር፣ በዓይናችን ያየነው ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ይሆነኝ ነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እሸሸግ ጀመር።

ጋሼ ዘለቀ ዝምተኛ ሰው ነበር። አባቴ ጭኑን ስቦ አጥንቱን ሲያጋጥም ላቡ ይንቆረቆራል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ሽታ አይሆነውም፤ ሽቶም ይሁን የሚቁላላ ወጥ ከሸተተው ቁስሉ ያመረቅዛል ስለሚባል እናቴ ሁልጊዜ ትኩስ ጤና አዳም ትቀጥፍና ትራሱ ሥር ታደርግለታለች፣ እሱም ሽታ ሲመጣ አፍንጫው ውስጥ ወተፍ ያደርጋል። አጥንቱ ብቻ የተሰበረ ሰው ይህ አያሻውም። ጤና አዳም በአፍንጫው የወተፈ ሰው የሚያዥ ቁስል እንዳለበት የማያውቅ ያገር ሰው የለም።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ እኩለ ቀን ሲሆን፣ አንድ የጣሊያን መኮንን ከአስተርጓሚና ከሁለት ወታደሮች ጋር መጣ። ሰው የሚያስተኛ ቤት አለ የሚል ወሬ ሰምተው ኖሯል። መኮንኑ ገና በሩን ሳያልፍ የሽቶው ሽታ ቀድሞት ገባ። አስተርጓሚው የኛው ሰው ነው፣ ወጣት፣ ፀጉሩ የተቀባ፤ በዕድሜ ልጁ ሆኖ ሳለ አባቴን አንተ እያለ በየመደቡ ዞሮ «ይህስ ምን ሆኖ ነው?» ይጠይቃል። «በሬ ረግጦት ነው»፣ «ከበቅሎ ወድቃ ነው» ይላል አባቴ። ጋሼ ዘለቀ ጋ ደረሱ።

«ከጣሪያ ወድቆ ነው፣ ጭኑ ነው የተሰበረው» አለ አባቴ።

መኮንኑ ሊያየው ጎንበስ አለበት። ያ አጥንቱ ሲሳብ ትንፍሽ ያላለ ሰው፣ ሽቶው ሲመጣበት እጁ ሳያስበው ትራሱ ሥር ገባና ጤና አዳሙን አውጥቶ አፍንጫው ውስጥ ወተፈ። ምን እንዳደረገ የገባው ከወተፈ በኋላ ነው፤ ዓይኑን ሲጨፍን አየሁት። እናቴ የቀጠፈችውን ጤና አዳም እንደያዘች በሩ ሥር ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

አስተርጓሚው ቀስ ብሎ ወደ አባቴ ዞረ። «አጥንቱ ብቻ ነው አላልከኝም?» አለው።

አባቴ ወደ መደቡ ጠጋ አለ። ይሄኔ እማማ በለጡ ከጥግ ጮኸች። «ለኔም ስጡኝ እንጂ! የጌታህ ሽቶ አንጀቴን ገለበጠው እኮ፣ አንተ ልጅ! ሰው ታሞ ተኝቶ ይህን ተርከፍክፎ ይገባል?» አለችና ተነሥታ በደህና እጇ ከእናቴ ላይ ጤና አዳም ነጥቃ በሁለቱም ቀዳዳ ወተፈች። ቀጥሎ ከሷ ጎን የተኛው ጋሪ ነጂ እጁን ዘረጋ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። እኔም ወተፍኩ። ያ ሁሉ ሰው አፍንጫው ላይ ቅጠል አብቅሎ ተኝቶ ማየት የሚያስቅ ነገር ነበር፣ የሳቀ ግን የለም።

መኮንኑ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አስተርጓሚው አባቴን አየው፣ ጋሼ ዘለቀን አየው፣ ከዚያ በጣሊያንኛ ጥቂት ቃል ተናገረ። መኮንኑ መሐረቡን መዥርጦ አፉን ሸፈነና ወታደሮቹን እየገፋ ወጣ። አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረት ብሎ አባቴን በዝቅተኛ ድምፅ «ተላላፊ በሽታ ገብቷል ብዬዋለሁ። የጦሩን ሐኪም ይዞ ይመለሳል። ሐኪሙ አሁን ከተማ ውስጥ የለም፤ ሲመጣ ግን ይሄ ሰውዬ እዚህ እንዳይገኝ» ብሎት ተከትሏቸው ሄደ። ሐኪሙ መቼ እንደሚመጣ አልነገረንም።

«አዳነን» አለች እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ።

«ወይ አዳነን ወይ ቀጠሮ ሰጠን» አላት አባቴ።

ያ በጋ እንዴት አድርጎ እንዳለፈ አላውቅም። ጋሼ ዘለቀን ወዲያው ለማሸሽ መንገድ አልነበረም፤ በቃሬዛ የሚያልፈውን ሁሉ ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ድልድዩ አጠገብ ባለው ኬላ እየገለጡ ያዩታል፣ የሚያነክስ ወንድ ካዩም ልብሱን አስገልብጠው እግሩን ይፈትሻሉ። ስለዚህ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፣ ሐኪሙ ሳይመጣ ድኖ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው እየሄደ ማለፍ። ቁስሉ በጥምቀት ሰሞን ደረቀ። ጾም ሲገባ ገመዱን ይዞ ቆመ። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ እኔ አመድ ስነፋ፣ እሱ ሲሄድ፣ አባቴ ሲያጎነብስ እንውላለን፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሦስታችንም ባለንበት እንደርቅና ጩኸቱ ሲያልፍ እንቀጥላለን። እናቴ ከበሩ ስንጥቅ ሥር አትጠፋም ነበር። አመዱ ግን አይዋሽም፣ ግራ እግሩ ከቀኙ አጥሮ ገጥሟል፣ በተራመደ ቁጥር የአንዱ ተረከዝ ጠልቆ የሌላው ጣት ብቻ ይነካል። አባቴ አንድ ቀን አመዱ ላይ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ካየ በኋላ «አጥንቱን አድኜዋለሁ፣ ማነከሱን ግን አላድነውም» አለና አመዱን በእጁ ደመሰሰው። ጋሼ ዘለቀ «እንግዲህ እኔ ልውጣና የሚሆነው ይሁን፣ ከናንተ ቤት ባልገኝ ይበቃል» አለው። አባቴ ተቆጥቶ ከለከለው።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የጦሩ ሐኪም መጥቷል፣ አንዱን ሰፈር ዞሯል የሚል ወሬ ተሰማ። ያን ለት ነው አባቴና እናቴ ሲጣሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት።

«ሸክም ያለበት ሰው ቢያነክስ ማን ይጠይቀዋል?» አለ አባቴ።

«ታዲያ ጆንያ ይሸከማ!»

«ጆንያ አውርድ ይሉታል፣ ያስፈቱታል። የተሰበረ ልጅ አውርድ የሚል የለም።»

እናቴ ነገሩ ሲገባት ከተቀመጠችበት ተነሣች። ከዚያ «ልጄን?» አለች። «እርስዎ ጤነኛ ልጅዎን ነው? ቢይዙትስ? ጀርባው ላይ ሳለች ቢይዙትስ?»

አባቴ ወጥቶ ቀርከሃ ይሰነጥቅ ጀመር። እናቴ በማግሥቱ «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች።

ግንቦት ልደታ ደረሰች። ሰፈራችን በታቦቱ ስም የሚጠራ ነውና ያን ዕለት ጣሊያንም ኖረ አልኖረ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ ንፍሮ ቀቅሎ የሚቀማመስበት ቀን ነው፤ መንገዱ በሰው ይሞላል። አባቴ መደቡ ላይ አጋድሞኝ ደህናውን እግሬን በቀርከሃ ስንጥቅ ከታፋዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አሰረው። «ኬላው ላይ እግርሽን ከነኩሽ አልቅሺ» አለኝ።

«ካላመመኝስ?»

«ያምሻል» አለና አንድ ጊዜ ደግሞ ጠበቅ አደረገው። እውነቱን ነው፣ አመመኝ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ጋሼ ዘለቀ አዘለኝ። እናቴ የጠበል መቅጃ ቅል ይዛ ከጎናችን ሄደች። ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሰው «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ ያልፋል፣ እኔ ያለሁት ግን እሱ ጀርባ ላይ ነው፤ በተራመደ ቁጥር ወደ ግራ ዝቅ ስንል ይሰማኛል። ድልድዩ አጠገብ ሁለት ጠባቂዎች ነበሩ። አንደኛው፣ ከኛው ወገን የሆነው፣ አስቆመን።

«ወዴት ነው?»

«ጠበል ነው ጌታዬ፣ ልጄ ተሰብራብኝ፣ አጎቷ ተሸክሞልኝ ነው» አለች እናቴ።

ጠባቂው ጋሼ ዘለቀን ከላይ እስከ ታች አየው። ዓይኑ እግሩ ላይ ቆየ። ከዚያ እጁን ሰደደና ቀርከሃውን ጨመቅ አደረገ። ማልቀሻዬ ደረሰ፤ ግን እንባዬ እምቢ አለ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ሰውዬው ደግሞ ጨመቀ፣ ፊቱም ተለወጠ። ጋሼ ዘለቀ ወደ ደህናው እግሩ አዘነበለ፣ እናቴ ቅሉን በሁለት እጇ ያዘች። እዚያ ላይ እያለሁ ሳላውቀው ሸናሁ። በጀርባው፣ በሱሪው፣ እስከ ተረከዙ ወረደበት፣ የጠባቂውም እጅ ላይ ደረሰ።

«ኧረ እቺ ልጅ!» ብሎ እጁን እያራገፈ ወደ ኋላ ዘለለ። ጓደኛው ሳቀበት። «ሂዱ፣ ሂዱ ወዲያ!» አለን።

ድልድዩን ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን ባሕር ዛፎቹ መሃል ገባን። እዚያ ጋሼ ዘለቀ አወረደኝ። እኔ በሀፍረት አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ ልብሱን ከጀርባው ለቀቅ አድርጎ «እናንተ ጠበል ፍለጋ መጣችሁ፣ እኔ ተጠምቄ አረፍኩት» አለ። በዚያ ሁሉ ወር ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የእናቴን ጉልበት ስሞ ሄደ፣ ሸክም ስለሌለው ማነከሱ ከሩቅ ይታይ ነበር፣ ዞር ብሎም አላየንም።

ከሰዓት በኋላ ጠባቂዎቹ ተቀይረው እናቴ አዝላኝ ተመለስን። አባቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። መደቡ ላይ አስቀምጦኝ እሽጉን ሊፈታ ያዘ፣ እጁ ግን ቋጠሮውን አጣው፤ ያ የስንቱን አጥንት በዳበሳ የሚያገኝ እጅ። እናቴ እጁን ገፍታ ራሷ ፈታችው። ክረምት እስኪገባ ድረስ ከሥራ ነገር በቀር ከሱ ጋር አልተነጋገረችም። ሐኪሙ የመጣው ሰኔ ላይ ነው፣ ያገኘው ያው የተሰበሩ ሰዎችንና ድናም ያልሄደችውን እማማ በለጡን ነውና ለተላላፊው በሽታ ብሎ መደቡ ላይ ነጭ ዱቄት በትኖ ሄደ። አስተርጓሚውን ዳግመኛ አላየነውም፣ ጋሼ ዘለቀም ነፃነት ከመጣ በኋላ አልመጣም። አባቴ እስኪሞት ድረስ መንገድ ላይ የሚያነክስ ሰው ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ አቧራው ላይ የቀረውን ዱካ ያይ ነበር።

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ልጅ ትምህርት ቤት ወድቃ እጇን ተሰበረች። ሆስፒታል ጀሶ አደረጉላት፣ ጓደኞቿ በሙሉ በቀለም ስማቸውን ጽፈውበት፣ ያልጻፈላትን አንድ ልጅ አኩርፋ ቤት መጣች። ያን ጊዜ በኛ ቤት የተኛውን ሰው ማንም እውነተኛ ስሙን አይጠይቀውም ነበር፤ ጋሼ ዘለቀም ዘለቀ መሆኑን እንጃ። ልጅቷ እስክሪብቶ ሰጥታኝ «አንቺም ጻፊ» አለችኝና ጭኔ ላይ ተጋድማ ስጽፍላት እንቅልፍ ወሰዳት። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቀላል ናት። አባቴ ልክ ነበር እላለሁ፣ ሰው ድኗል፣ ቤታችንም ተርፏል፣ ማንም ቢጠይቀኝ እንዲሁ እመልሳለሁ። ይህችን ልጅ ግን አባቴ ያን ቀን ለኬላው አምጫት ቢለኝ አልሰጠውም ነበር።