ለሐጅ የተነሣው መካኒክና የቦክሳችን ፍሬን

ቂም ይዤ አልተኛም የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። እኔ ቂሜን ካልያዝኩ እንቅልፍም አይወስደኝ።

ካርቱም ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ስንኖር ያለችን ሀብት አንዲት አሮጌ ቦክስ ነበረች፤ ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር የተገጠመላት ፒካፕ። ባሌ ጠዋት ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንን ጭኖ ድልድዩን ተሻግሮ አል-ማንሺያና አል-ጣኢፍ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር ያደርሳል፣ ማታ ይመልሳል። የምንበላው በእሷ ነበር።

ፍሬኗ ሲላላ የወሰድናት ለአገራችን ልጅ ነው። ወሎዬ ነው፣ በቅሬያችን፣ በእድራችን ማለቴ ነው፣ ለቅሶ ቤት ከፊት የሚቀመጥ መካኒክ። ስንት የሱዳን ጋራዥ እያለ እሱን የመረጥነው "የራሳችን ሰው አያታልለንም" ብለን ነው። ሞኞች! አዲስ የፍሬን ፓምፕ ገዝተን በእጁ ሰጠነው። ማታውኑ "አልቋል፣ ያላ፣ ንዷት" አለን።

የፈቃድ ማደሻው ጊዜ ደረሰና ባሌ ቦክሷን ለፈሕስ፣ ለምርመራው ይዟት ሄደ። መርማሪው ፔዳሉን ቢረግጠው እግሩ ወለሉ ድረስ ወረደ። ወደቀች በቃ! እስክትጠገን ብለው ሰሌዳዋን ፈትተው አስቀሩት። በሌላ መኪና አስጎትቶ ቤት አመጣት። ሌላ ባለሙያ ጠርተን ቢከፍተው የኛ አዲስ ፓምፕ የለም፤ በቦታው ዝገት የበላው አሮጌ ተቀርቅሮበታል። የአገራችን ልጅ የኛን ዕቃ ለሌላ ደንበኛው ገጥሞታል። በዚያ ፍሬን እኮ ነው ባሌ ያን ሁሉ የሰው ልጅ ጭኖ ድልድዩን ሲሻገር የከረመው!

ባሌ "ለአላህ ስጪው" አለኝ። እኔ ግን ጋራዡ ድረስ ሄድኩ። መካኒኩ በሰው ፊት ሳቀብኝ።

"እህቴ፣ መኪናችሁ አርጅታለች። ለብረት ሽጧት" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ባሌ ግቢ ውስጥ ቦክሷ ጥላ ሥር ተቀምጦ መዋል ሆነ ሥራው። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ቀና አይልም። እኔ ወደተውኩት ልብስ አጠባ ተመለስኩ። እያንዳንዱን አንሶላ የዚያን ሰውዬ አንገት እያሰብኩ ነበር የምጨምቀው።

አላህ ግን አሳልፎ ሰጠኝ። መካኒኩ ለሐጅ ተነሣ! በእኛ ዘንድ ሐጅ የሚሄድ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ "አፉ በሉኝ" ሳይል መንገድ አይጀምርም። የሰው ሐቅ ይዞ እዚያ ቅዱስ ቦታ ቢቆም ምን ሊረባው? የተጠየቀውም "አፉ ብያለሁ" ብሎ መርቆ ይሸኛል። እምቢ ያለ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

አንድ ጠዋት ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ሁለት የቅሬ ሽማግሌዎች አስከትሏል። ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ባሌ "አፉ ብያለሁ፣ መንገዱን ያግራልህ" አለው። ባሌንም ጨምሬ ብመታው ደስ ባለኝ።

መካኒኩ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም አፉ በይኝ እህቴ።"

"አልልም።"

"ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው!" አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ።

"ነውሩስ የእሱ ነው አባባ። የበላውን ፓምፕ አምጥቶ ፍሬኑን ይሥራ። ሲጨርስ መንገዱ መሃል ይቁም፣ ባሌ እየነዳ ይምጣበት። ቦክሷ ከቆመች አፉ እላለሁ።"

"ይቺ ሴት አብዳለች!" አለ መካኒኩ።

ሽማግሌው ግን ትክ ብለው አዩት። "ሥራህን ካመንክ መቆሙ ምን ያስፈራሃል?" አሉት።

መውጫ አጣ። አዲስ ፓምፕ አስመጣ፣ ጀለቢያውን አውልቆ ቦክሷ ሥር ገባ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ዱካዬን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ውሃ እንኳ አላቀረብኩለትም። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም!

ሲጨርስ ታጥቦ ጀለቢያውን ለበሰና መንገዱ መሃል ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። ባሌ ቦክሷን ራቅ አድርጎ አዙሮ መጣ። መጣ፣ መጣ፣ አሁንም መጣ! መካኒኩ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቁርአን ይቀራ እንደሆነ እንጃ። እኔም "ያ አላህ!" ብዬ ጮህኩ። ቦክሷ አፍንጫዋ ጀለቢያውን ነክቶ ቆመች። ሰውዬው አቧራው ላይ ቁጭ አለ።

"አፉ ብዬሃለሁ!" አልኩት፣ ሰፈሩ እንዲሰማ አድርጌ።

እሱ ሐጁን ሄደ። ቦክሳችንም ተመልሳ ለፈሕስ ቀረበች፣ አለፈች፣ ሰሌዳዋን መለሱልን። ባሌ በዚያች ቀን ግቢ ውስጥ ተንበርክኮ ሰሌዳውን ሲያስር አጠገቡ ቆሜ ነበር።

"ምርመራው ላይ ገና ሲረግጧት ቀጥ አለች አልክ አይደል? መካኒኩ ፊቷ የቆመ ቀን ታዲያ ምን ሆና ነው እንደዚያ የዘገየችው? ልቤን እኮ ነው ያወጣችው" አልኩት።

ብሎኑን እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል መለሰልኝ።

"እሷ መች ዘገየች። አዘግይቼ የረገጥኩት እኔ ነኝ።"