የአጥንት ከሰል ያጣራው ውሃ

የልጅ ልጄን አራት ዓመት እስኪሞላት ጉለሌ፣ እኔ ጋ ያሳደግኳት በውሃ ምክንያት ነው። በደርግ ጊዜ ልጄና ባሏ ስምጥ ሸለቆ፣ አንድ የመንግሥት እርሻ ተመደቡ። የዚያ አገር ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው፤ ሲያረጅም ወገቡ አልቃና ይለዋል። በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ የሚሉት ነገር ነው አሉ። እኔ ፈሪ ነኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ። «አፍልታችሁ ጠጡ» ብላት ልጄ፣ «እማዬ፣ ማፍላት ያባብሰዋል እንጂ አያወጣውም» አለችኝ። በቃ፣ ሕፃኗን ተቀበልኩ። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ነበር የምትተኛው።

ኋላ በሁዳዴ ልጄ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ይዛ መጣች። ውስጡ ጥቁር ጠጠር መሳይ ነገር ሞልቷል። ለካስ የከብት አጥንት ነው፤ አየር በማያስገባ ምድጃ አክስለው፣ ሰባብረው፣ ደጋግመው አጥበውታል። ውሃው በዚያ ሲያልፍ ከሰሉ ፍሎራይዱን ያስቀረዋል።

«ስለዚህ ልጄን ልወስዳት ነው» አለች።

«በጾም? በአጥንት የተጣራ ውሃ ልታጠጫት?»

«ሕፃን ናት እኮ፣ መቼ ጾማ ታውቃለች?»

«አንቺስ? ቤቱስ?»

ሳቀች። እኔ ምን ያስቀኛል፤ የቀረኝ መከራከሪያ እሱ ብቻ ነበር። ቀጨኔ፣ ንስሐ አባቴ ዘንድ ከነባልዲዋ ይዣት ወረድኩ። እሳቸው በባልዲው የተጣራውን ውሃ በብርጭቆ ተቀብለው አሸተቱት።

«ሥጋ ሥጋ ይላል?»

«ኧረ አባ፣ ምንም አይልም» አለች ልጄ።

«እሳት የጨረሰውን እኛ ምን እንለዋለን? ጠጡ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺን ግን የጨነቀሽ የጾሙ ነገር አይመስለኝም።»

ቤት ስመለስ የሕፃኗን ልብስ ሸከፍኩ።

በማግስቱ ይዛት ሄደች። አልጋው ሰፋኝ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ «ከሰሉ ሲደክም ትቀይረው፣ አደራ» እላለሁ። «ሰው ሰላምታ ይልካል፣ እርስዎ ከሰል!» እያሉ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል።

የወተት ጥርሷ ረግፎ አዲሱ ሲበቅል ለፋሲካ መጡ። ገና በር ላይ፣ ሳልስማት አፏን ከፈትኩ።

«እማዬ፣ ፈረስ ልትገዢ ነው እንዴ?» አለች ልጄ።

ነጭ ነው። ጥርት ያለ ነጭ። እልል አልኩ። የእኛ ውሃ ይሁን የእሷ ባልዲ፣ እሱን እግዜር ይወቀው። ብቻ ከዚያ ወዲያ ልጅቷን መልሺልኝ የምልበት ምክንያት አጣሁ።